አሥር ኪሎ

ናዝሬት፣ ኅዳር 22 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእትዬ አበዛሽ፣
ዓለም ጤና

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ መሰለች ከጉንፋኗ በቀር ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ዘግይቼ መጻፌን አውቃለሁ። ከአሥመራ ከተመለስኩ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ፤ አንቺም በዚህ መሐል ሁለት ጊዜ ሰው ልከሽ አስጠይቀሽኛል። የመስኖ ኢንጂነር ሴሚናር ሄዶ ሲመለስ ጠረጴዛው ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አዎ፣ ልጅሽን አይቼዋለሁ። ብዙነህ እንደሰማሽው ሆስፒታል ነው። የተመታው እግሩ ላይ ነው፤ ይታከማል። ፊቱ አልከፋም፣ ሪዝ አብቅሏል። ስለ አንቺ ጠይቆኛል። ብዙ አልተቀመጥኩም፤ የጥየቃ ሰዓቱ አጭር ነው፣ ሴሚናሩም ሰው የሚያላውስ አልነበረም። ብርቱካን ወስጄለታለሁ። የላክሽለትም ዕቃ ደርሶታል።

አውሮፕላኑ እንዴት ነው ብለሽኛል። አውሮፕላኑ ምንም አይልም፤ ችግሩ ተሳፋሪው ነው። ትኬቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ከአሥር ኪሎ በላይ ጓዝ አይፈቀድም። ትንሽ አውሮፕላን ስለሆነች ሰውም ይመዘናል። እኔ ለሦስት ቀን መንገድ የያዝኩትን ልንገርሽ። አንድ ሸሚዝ ለብሼ፣ አንድ ይዤ፤ የወለቀው ይታጠባል፣ ሲነጋ ደርቆ ይለበሳል። ካልሲና ምላጭ ጫማ ውስጥ ይገባሉ። የሚከብድ ነገር ሁሉ፣ መጽሐፍም ቢሆን፣ ኮት ኪስ ውስጥ ይከተታል፤ የለበሱትን ኮት አውልቅ ብሎ የሚመዝን የለምና። ከዚህ በላይ የሚይዝ ሰው የት እንደሚሄድ አያውቅም ማለት ነው። የኛ ሰው ግን ለሦስት ቀን የሦስት ወር ስንቅ ይሸከማል። አንዱ የበርበሬ ከረጢት፣ አንዷ ቅል፣ አንዱ ፍራሽ። ጥቅላቸውን አቅፈው ከሚዛን ሠራተኛው ጋር ሲጨቃጨቁ ብታዪ ታፍሪያለሽ።

ወገብሽን ዘይት አስቀቢ። ውሃ ራስሽ አትቅጂ።

ወንድምሽ ኃይለየሱስ


ዓለም ጤና፣ ኅዳር 30 ቀን 1979

ወንድምዓለም ኃይሌ፣

የወገቤን ለጠየቅኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አርጅቷል እንጂ አልታመመም። መሰለችን ዝንጅብል አፍልታ ትጠጣ በላት።

ደብዳቤህን ሰው ሳላስቸግር ራሴ አነበብኩት። በኅምሳ ሰባት ዓመቴ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ስቀበል ስቀህብኝ ነበር፤ ይኸው ሥራ ላይ ዋለ። ጣቢያው ላይ ያስተማረችኝ የጆቴ ልጅ ኢፍቱ አጠገቤ ነበረች። «እትዬ፣ ጮክ ብለው» አለችኝ፤ ጮክ አልኩላት። ስጨርስ «ሌላስ?» አለችኝ። ገልብጬ አሳየኋት። ሌላ የለም።

ኃይሌ፣ ስለ ሚዛን አንድ ገጽ ጽፈሃል፤ ስለ ልጄ አምስት መስመር። አልተቆጣሁም። ግን ይህን መልስልኝ፦ ጋቢውን ስትሰጠው ወዲያው ለበሰው ወይስ አጥፎ አስቀመጠው? ጠርዙን ዳሰስ ዳሰስ አላደረገም? ከዚያስ ምን አለ? እንዲህ ብለህ ንገራት ያለህ ነገር የለም? ትንሽም ብትሆን፣ ያልገባችህም ብትሆን ጻፍልኝ።

እግሩ የቱ ነው? ቀኙ ነው ግራው?

እህትህ አበዛሽ


ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1979

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከአሥመራ ከተመለስኩ ወር ሊሞላኝ ነው፤ አንቺ ግን ዛሬም ስለ ጋቢ ትጠይቂኛለሽ። እሺ፣ እንዳትጨነቂ ልንገርሽ። ወዲያው ለበሰው። ጠርዙንም ዳሰሰው። ፈገግም አለ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን። የላከብሽ መልእክት የለም። ደህና ነኝ በላት ነው ያለው፤ እሱን ጽፌልሻለሁ።

የተመታው ቀኝ እግሩ ነው።

ወታደር ቤት ያለ ልጅ ለእናቱ የሚለው ብዙ አይደለም። ዝም ካለ ዝም ብሏል፤ ካላለው ነገር ውስጥ ነገር አትፈልጊ። እኔንም እንደ ፍርድ ቤት ምስክር አትመርምሪኝ። ሥራ አለብኝ፤ የወንጂ በኩል ቦይ ደለል ሞልቶታል፣ የሚጠየቀው እኔ ነኝ።

በቸር ያገናኘን።

ኃይለየሱስ


ዓለም ጤና፣ ጥር 3 ቀን 1979

ለወንድሜ ለኃይለየሱስ፣

ገናን እንዴት ዋላችሁ? እኔ ዋልኩ አልልህም። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩት እጄ ስለማይረዳኝ አይደለም። አፍሬ ነው። እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ተቆጣና ስትጨርስ አንብበው።

ብዙነህ በነሐሴ ለአሥር ቀን ፈቃድ መጥቶ ነበር። ኢፍቱ ከኔ ቤት አትለይም፤ ፊደል ያስቆጠረችኝ ልጅ ናት፣ እንደ ልጄ ናት። እነሱ ተዋደዋል፤ እኔ አላየሁም። አሁን አምስተኛ ወሯን ይዛለች።

በጥቅምት ስትነግረኝ በወታደር ፖስታ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። ለካ ቆስሎ ከክፍሉ ወጥቷል። ደግሞስ እዚያ ደብዳቤ ይከፈታል፣ በየድንኳኑ ይነበባል ይሉናል። የሴት ልጅ ስም በጦሩ ሁሉ አፍ እንዲዞር አልፈለግኩም። አንተ አሥመራ ትሄዳለህ ሲሉኝ እግዜር ላከህ አልኩ። ለምን በአፍሽ አልነገርሽኝም ብትል፣ ታውቀዋለህ። ትጮህብኛለህ። ልጁ ታሞ በተኛበት ትጮህበታለህ።

ስለዚህ በጋቢው ጠርዝ ሰፋሁት። ትምህርት ቤት ስንቅ ስልክለት ሳንቲሙን የምሰፋው እዚያ ነበር፤ ለሌባ እንዳይታይ። ከኔ እጅ ጋቢ ከደረሰው መጀመሪያ ጠርዙን ይዳስሳል። ላንተም አዲስ አበባ ስትማር እንደዚሁ አድርጌያለሁ፤ ረስተኸው ይሆናል። ወረቀቱ ላይ እኔ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ኢፍቱ አንድ መስመር ጻፈች። ምን እንዳለች አላየሁም፤ ዞር በሉልኝ ብላኛለች። የጠየቅነው አንድ ነገር ነው። «ልጁ የኔ ነው በል፤ ሽማግሌ ልኬ እጇን እጠይቃለሁ።» ሌላ ምንም።

አንተ ደግሞ ጠርዙን ዳሰሰው፣ ፈገግ አለ፣ ስለ ሌላ ነገር አወራን ብለህ ጻፍክልኝ።

ደብዳቤህን ይዤ ጆቴ ቤት ሄድኩ። ምን ልበለው? ልጄ አንብቦታል፣ መልስ የለውም አልኩት። ጆቴ ራሱን ነቀነቀና «እሺ እቴቴ» አለ። እኔ ግን አልቻልኩም። በሰውዬው ፊት፣ በልጅቷ ፊት፣ ጉልበቴን መሬት ላይ አድርጌ ልጄን ረገምኩት። ያጠባሁት ጡት ይፍረደው አልኩ።

ኢፍቱን ለሰንበታ ሊድሯት ነው። ወለንጪቲ ያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አራት ልጅ ያለው ሰው። ሆዷን አይቷል ይላሉ፤ እንዳላየ ሆኗል። ሠርጉ በቅበላ ሳምንት ነው።

የጠየቅሁህ ነገር የለም። አንተ መልእክቴን አድርሰሃል። የኔ ልጅ ነው የጎደለው።

አበዛሽ


ናዝሬት፣ ጥር 8 ቀን 1979

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ስለዚህ ያለ ሰላምታ ልግባበት።

ብዙነህ ጋቢውን አላየውም። አልወሰድኩለትም። ጥቅልሽ ከናዝሬት አልወጣም፤ እኔው ቤት ዕቃ ቤት ውስጥ ነው የቀረው። ለበሰው ያልኩሽ ውሸት ነው። ዳሰሰው ያልኩሽም፣ ፈገግ አለ ያልኩሽም ውሸት ነው። ጥያቄሽ ሲደጋገምብኝ ዝም እንድትይልኝ ፈጥሬ የጻፍኩት ነው። ፈጥሬ የጻፍኩት ነገር እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል ብዬ አላሰብኩም።

ያስቀረሁት በክብደቱ ምክንያት ነው። አሥር ኪሎ ነው የሚፈቀደው፤ ጽፌልሻለሁ። የሴሚናሩ ሰነድ ነበረ፣ ልብስ ነበረ። እዚያው ተመሳሳይ ነገር ገዝቼ እሰጠዋለሁ ብዬ ነበር፤ ስደርስ ገበያው ባዶ ነው። ብርቱካን ብቻ አገኘሁ።

የቀረውንም ልንገርሽ፣ ሌላ ጊዜ እንዳትጠይቂኝ። የናዝሬትን ሙቀት ታውቂዋለሽ። አብሮ የተጠቀለለው ቅቤ ቀልጦ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። መሰለች እንዳይበላሽ ብላ በፈላ ውሃና በሳሙና አጠበችው። የጥር ሦስቱ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ከመሥሪያ ቤት ሮጬ መጥቼ ጠርዙን ተረተርኩት። የወጣው እንደ ተቦካ ሊጥ ያለ ነገር ነው። ሰማያዊ ቀለም አለው፤ ፊደል የለውም። የኢፍቱ መስመር የት ጋ እንደነበረ እንኳ መለየት አልቻልኩም።

ዳቦ ቆሎውን በልተነዋል። እኔም በልቼዋለሁ።

እትዬ፣ ምን ላድርግ? ለአቶ ጆቴ ደብዳቤ ልጻፍ? የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም ባደርግበትስ ያምነኝ ይሆን?

ኃይለየሱስ


ዓለም ጤና፣ ጥር 12 ቀን 1979

ኃይለየሱስ፣

ልጄን ረግሜዋለሁ። ምንም ሳያደርግ፣ ምንም ሳይሰማ፣ በቁስሉ ላይ ረግሜዋለሁ። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አባን ርግማን እንዴት ይመለሳል አልኳቸው። ማን አስረገመሽ አሉኝ። ስምህን መጥራት አቃተኝ።

ማኅተም ትላለህ? ጆቴ ማኅተም አይፈልግም። ዛሬ ሄጄ የጻፍክልኝን ነገርኩት። «አይ እቴቴ» አለኝ፣ «እናት ለልጇ ምን የማትለው አለ? ኢንጂነሩ ራሱ ይምጣና ይንገረኝ።» እውነቱን ነው። እኔም ብሆን አላምንም።

ና። በአፍህ ንገረው። ማሳው ላይ ነው የሚውለው፤ ሽንኩርት እያጠጣ ነው። የኔን ቤት ግን አልፈህ ሂድ። አሁን እንድትገባብኝ አልፈልግም።

ደግሞ አንተ ቁጥር ታውቃለህ፤ እኔም እዚህ ገበያ ላይ ከሚዛን ጋር ነው የኖርኩት። ጥቅሉን ስልክልህ አስመዝኜዋለሁ። ጋቢው፣ ቅቤው፣ በርበሬው፣ ዳቦ ቆሎው፣ ሁሉ ተደምሮ አራት ኪሎ ከሩብ ነው። አንድ ሸሚዝ ለብሼ አንድ ይዤ ብለኸኛል። ካልሲው ጫማ ውስጥ፣ መጽሐፉ ኮት ኪስ ውስጥ።

ሻንጣህ ስንት ኪሎ ነበር?

አበዛሽ


ናዝሬት፣ ጥር 19 ቀን 1979

እትዬ፣

ትናንት ዓለም ጤና ነበርኩ። እንዳልሽው በደጅሽ አለፍኩ። የአጥርሽ በር ተከፍቶ ነበር፤ ወደ ውስጥ አላየሁም።

አቶ ጆቴ ፓምፑ አልነሳ ብሎት ጎንበስ ብሎ ይታገል ነበር። ጎረቤቱ ደገፋ አጠገቡ ቆሟል። ሲያየኝ ቀና ብሎ እጁን ሰጠኝ። «አካም ጂርታ ኢንጂነር! በደህናው ቀን መጣህ። ይህ በሬ እምቢ ብሎኛል፤ አንተን ካየ ያፍርና ይነሳ ይሆናል» አለኝ። ደገፋ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ።

ከዚያ ነገርኩት። ጋቢው አልደረሰም፣ ደብዳቤው አልደረሰም፣ ልጁ ምንም አያውቅም አልኩት። ለምን አለኝ። ክብደቱ ነው፤ አውሮፕላኑ ከአሥር ኪሎ በላይ አይወስድም አልኩት። እዪው እትዬ፣ እዚያ ድረስ ሄጄም ይህንኑ አልኩት።

«አሥር ኪሎ» አለ። ሽንኩርት ውስጥ ቆማ ወደምታየን ወደ ኢፍቱ ዞረና «የኔ ልጅስ ስንት ኪሎ ትመስልሃለች?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነው እውነቱን የነገርኩት። ላንቺም አሁን ልንገርሽ፤ ከሱ ቀድመሽ መስማት ይገባሽ ነበር። ሻንጣዬ አምስት ኪሎ ተኩል ነበር። ድምሩን አንቺም ሠርተሽዋል።

ወደ አሥመራ የሄድኩ ዕለት ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ መኪና ደጄ ላይ ቆሞ ነበር። ለሴሚናሩ የምንሄድ አራት ሰዎች ነን፤ አንዱ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ የመምሪያ ኃላፊ ነው። ሻንጣዬን በአንድ እጄ፣ ጥቅልሽን በሌላው ይዤ ወጣሁ። ቅቤው ወዝቶ ጨርቁን አርሶታል፤ ሲባጎው እጄን አወዛው። ኃላፊው በመስኮቱ አየኝ። ምንም አላለም፣ አፍንጫውንም አልያዘም። እኔ ግን በሱ አፍንጫ አሸተትኩት። ከነሽታው እዚያ መኪና ውስጥ ስገባ፣ ማን እንደሆንኩ ሁሉም የሚያውቅብኝ መሰለኝ። ተመልሼ ገባሁና ዕቃ ቤት አስቀመጥኩት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቅል ሙሉ ቅቤ ጭኗ ላይ ይዛ ነበር። ለልጇ ነው። ሚዛን ላይ ሠራተኛው «እማማ ይለፉ» ነበር ያላት። ታፍሪያለሽ ብዬ የጻፍኩልሽ ስለሷ ነው። ከሷ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ አሥመራ ደረስኩ።

ምን ሸጠሽ እንዳስተማርሽኝ አልረሳሁም። ረስቼው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ይህን ስነግረው አቶ ጆቴ ሳቀብኝ። «ሰማህ ደገፋ? ኢንጂነሩን ቅቤ ሸተተው! አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ ራሷን የተቀባች ቀን የት ታድራለህ?» ደገፋም «ውሃ መሥሪያ ቤት ነዋ፣ ቦይ ውስጥ» አለው። ሁለቱም ሳቁ። ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ጆቴ ሳቁን ተወ። «ለሰንበታ ቃል ሰጥቻለሁ» አለኝ። «ቃል የሚፈርሰው በቃል ነው። የልጁን ቃል አምጣልኝ። እንዳለው። አንተ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ጽፈህ ላክ፤ እኔ ፊት ይከፈት፣ እኔ ፊት ይነበብ። እስከ ቅበላ እጠብቅሃለሁ።»

ስሄድ እጁን አልሰጠኝም። እጄ ዘይት ነው አለኝ። እውነትም ዘይት ነበር። ስመጣ ግን በዚያው እጁ ጨብጦኝ ነበር።

ኢፍቱን ሰላም አላልኳትም። እግሬ ወደዚያ አልሄድ አለኝ።

የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ተሰጥቶኛል፤ የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌ ነገ አወጣለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት እበራለሁ።

ኃይለየሱስ


ናዝሬት፣ የካቲት 4 ቀን 1979

እትዬ፣

አስቀድሜ እግሩን። አስቀድመህ እግሬን ጻፍ ብሎኛል።

የብዙነህ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆርጧል። በኅዳር ስሄድም ተቆርጦ ነበር። ይታከማል ብዬ የጻፍኩልሽ ብርድ ልብሱ ጠፍጣፋ የሆነበትን ቦታ አይቼ ከወጣሁ በኋላ ነው። ቀኙ ነው ግራው ብለሽ ስትጠይቂኝ ቀኙ ነው ብዬ መለስኩልሽ፤ እንደሌለ አልነገርኩሽም።

አሁን የሆነውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ፤ አልጨምርም።

ጋቢውን ሰጠሁት። ጣቱ ወደ ጠርዙ ሲሄድ «ባዶ ነው» አልኩት፤ ለምን ባዶ እንደሆነም ነገርኩት። የመኪናውን ነገር፣ ሽታውን፣ የፈጠርኩትን ፈገግታ፣ የኢፍቱን ሁኔታ፣ ርግማንሽን፣ ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከጎኑ የተኛው ቁስለኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረልን።

መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ስለ እግሬስ ለእማዬ ነግረዋታል?» ብሎ ነው። አልነገርኳትም አልኩት። «አዝነውላት ነው?» አለኝ። አዎ ልል ነበር። አላውቅም አልኩት። 

ከዚያ የነገረኝ ይህ ነው፤ እንደ ወታደር ሦስት ጊዜ አስደግሞኛል፦

«አንደኛ፣ እግሬን ይንገሩ። ከሁሉ በፊት። ጋሽ ጆቴ እሺ ካለ በኋላ ከሰማ አታለሉኝ ይላል፤ እሷም ሳታውቅ እሺ እንዳትል። ሁለተኛ፣ ልጁ የኔ ነው። ሦስተኛ፣ ኢፍቱን እፈልጋታለሁ። እምቢ ካለች መብቷ ነው፤ ልጁ ግን ያኔም የኔ ነው። አራተኛ፣ ለእማዬ፤ የረገመችው ጋቢውን ዳስሶ ፈገግ ያለውን ልጅ ነው። እሱ እኔ አይደለሁም። ጋሼ የፈጠሩት ልጅ ነው፤ ርግማኑ እሱ ላይ ይደር።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። የሃያ ዓመት ልጅ ነው እትዬ። ከኔ የሚፈልገው ቃሉን ሳላዛባ እንዳደርስ ብቻ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ስሳሳት እንደገና አስጀመረኝ።

ከሆስፒታል የሚለቁት ለሚያዝያ ነው። ክራንች ሰጥተውታል፤ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ይህ ደብዳቤ በአቶ ጆቴ ፊት እንዲከፈት ፖስታው ላይ ጽፌበታለሁ። ቤትሽ እንዳልገባ ስላዘዝሽኝ በሰው ልኬዋለሁ።

ይቅርታ የሚለውን ቃል በየደብዳቤው ጽፌ አረከስኩት። ዛሬ አልጽፈውም።

ኃይለየሱስ


ዓለም ጤና፣ የካቲት 11 ቀን 1979

ኃይሌ፣

ፖስታውን እንደታሸገ ይዤ ጆቴ ቤት ሄድኩ። ጆቴ ነበረ፣ ደገፋ ነበረ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ኢፍቱ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ጆቴ «አንቺው አንብቢ» አለኝ። ከፈትኩ። ጮክ ብዬ ጀመርኩ።

የልጄን እግር መቆረጥ በሰው ፊት ጮክ ብዬ አነበብኩት። ምን እንደሚመጣ ሳላውቅ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምኩ። «ከጉልበቱ በላይ» የሚለው ጋ ስደርስ ያነበብኩት አልገባኝም፤ መልሼ አነበብኩት። ያኔ ገባኝ። ቤቴ አትግባ ያልኩህ እኔ ነኝ፤ ልክ ነው። ግን ይህን ይዘህ ደጄን ብትመታ አልከፍትልህም ነበር? ይህንንስ በሰው ትልካለህ?

ድምፄ ሲጠፋ ኢፍቱ ተነሥታ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። የቀረውን እሷ አነበበችው። ልጁ የኔ ነው የሚለውን፣ እፈልጋታለሁ የሚለውን፣ እምቢ ካለች መብቷ ነው የሚለውን፣ ስለ ራሷ የተጻፈውን ሁሉ በአባቷና በሽማግሌዎቹ ፊት እንደ ትምህርት ጣቢያው በጠራ ድምፅ አነበበችው። ስትጨርስ አጠፈችው። ለማንም አልመለሰችውም፤ እጇ ላይ ቀረ።

 ጆቴ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቃት፤ እሷም በኦሮምኛ መለሰችለት። ደገፋ ተረጎመልኝ። «ሰምተሻል አይደል? አንድ እግር ነው ያለው» አላት። «ሰምቻለሁ። ሚያዝያ መቼ ነው የሚገባው? መንገድ ላይ ማን ይቀበለዋል?» ነው ያለችው።

ጆቴም ወደኔ ዞረና «ፓምፕ ለማስነሳት እጅ ነው የሚያስፈልገው» አለኝ። ለሰንበታ ሽማግሌ ልኮ ቃሉን አስመልሷል። ሰንበታ ተቆጥቷል፤ መቆጣት ይገባዋል። እሱንም አሳፍረነዋል።

ቤቴ ገብቼ ለልጄ እግር ብቻዬን አለቀስኩ። ርግማኑን በተመለከተ የላከብኝን አባን ነገርኳቸው። እንዲህም አይባልም፣ ግን እንዲህም ያለ ልጅ አይገኝም አሉኝ።

አሁን ያንተን ልንገርህ። ይቅር እንድልህ ትጠብቃለህ። ሞከርኩ። ዛሬ ጠዋትም ሞከርኩ። ቅቤውን ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቅቤ ይሸታል፣ እኔም እሸታለሁ፣ አውቀዋለሁ። ዳሰሰው፣ ፈገግ አለ ያልከኝን ግን አልቻልኩም። ያንን መስመር አንብቤ ስንት ሌሊት ደስ ብሎኝ እንደተኛሁ አታውቅም።

ኢፍቱ በግንቦት ትወልዳለች። ስትወልድ ከሁሉ አስቀድሜ ላንተ እልክብሃለሁ፤ ትመጣለህ፣ ትገባለህም። ይቅር ስላልኩህ አይደለም። ሌላ ወንድም ስለሌለኝ ነው።

አበዛሽ